ኢምፕላንት ወይስ የመስሚያ መሣሪያ? የሚያፏጭ መሣሪያ እንደተሞከረ አይቆጠርም

ጥያቄው፦ «ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። ልጄ 2 ዓመት ከ3 ወሯ ነው። ስትወለድ ደህና ነበረች፤ ስሟን ስንጠራ እንደማትዞር ያስተዋልነው ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። አዲስ አበባ ወስደናት በእንቅልፍ ላይ እያለች ኤቢአር የሚባል ምርመራ ተደረገላትና በሁለቱም ጆሮ እስከ 90 ዴሲቤል ምላሽ የለም ተብሎ ተጻፈልን። ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል መሣሪያ ለሁለቱም ጆሮ ገዛንላት፤ አምስት ወር ሆነው። ሲያፏጭ ይውላል፣ እሷም እየነቀለች ትጥለዋለች፣ እስካሁን አንድ ቃል አልወጣትም። ጅዳ ያለው የባለቤቴ ወንድም መሣሪያው ጊዜ ማባከኛ ነው፣ ኮክሌር ኢምፕላንት አስደርጉላት፣ ገንዘቡን እናዋጣለን ይላል። እናቴ ደግሞ የልጅቷን ጭንቅላት አታስነኩ ትላለች። የቱን እንምረጥ?»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ትክክል ከሆነ ልጅዎ ለኮክሌር ኢምፕላንት (በቀዶ ሕክምና ጆሮ ውስጥ የሚተከልና ነርቩን በቀጥታ የሚያነቃ መስሚያ) ከሚታሰቡት ልጆች ውስጥ ትገባለች፤ የባለቤትዎ ወንድም ከእውነቱ አልራቀም። ያለፈው አምስት ወር ግን ለማንም ማስረጃ አይሆንም። ሲያፏጭ የዋለና ግማሹን ቀን መሬት ላይ ያሳለፈ መሣሪያ «አልረዳትም» አይባልም፤ ገና አልተሞከረም። ስለዚህ ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ይጀምሩ፦ መሣሪያውን በዚህ ወር ውስጥ አስተካክለው ከ2 እስከ 3 ወር በደንብ ጆሮዋ ላይ ያውሉት፤ ውጤቱን ሳይጠብቁ ደግሞ የኢምፕላንቱን ቅድመ ምርመራ ያስጀምሩ። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል የሚባልበት ዕድሜ ላይ አይደለችም። ምክንያቱን ወደ ታች አመጣዋለሁ።

መጀመሪያ ወረቀቱን እናንብበው። «እስከ 90 ምላሽ የለም» ማለት «ምንም አትሰማም» ማለት አይደለም። ኤቢአር የመስሚያ ነርቭ ለድምፅ የሚሰጠውን ምላሽ ይለካል፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ክሊክ በሚባል አጭር ድምፅ ነው፤ ክሊክ በዋናነት የሚነግረን ከ2000 እስከ 4000 ሄርዝ ስላለው ቀጭን ድምፅ ነው። የከበሮው፣ የከባድ መኪናው፣ የበሩ ድምፅ ያለበት ወፍራሙ ክፍል፣ ማለትም 250 እና 500 ሄርዝ፣ በከፊል ተርፎ ሊሆን ይችላል። በር ሲወረወር ዘወር ትልና ጎረቤት «ትሰማለች እኮ!» የሚለው በዚህ የተነሳ ነው፤ ቃል ለመለየት ግን ያ አይበቃም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጆሮ ለብቻው የ500፣ የ1000፣ የ2000 እና የ4000 ሄርዝ ቁጥር ያስፈልግዎታል። በእንቅልፍ ላይ ከሆነ ይህ ቶን በርስት ኤቢአር ወይም ኤኤስኤስአር በሚባለው ምርመራ ይገኛል። በእሷ ዕድሜ ነቅታም መለካት ይቻላል፦ እናቷ ጭን ላይ ትቀመጣለች፣ ድምፅ ሲመጣ ወደ ድምፁ ከዞረች የሚበራ አሻንጉሊት ታያለች፣ ጨዋታው ከገባት በኋላ ድምፁን ደረጃ በደረጃ እየቀነሱ የመጨረሻውን የምትሰማውን ነጥብ ያገኙታል። ሁለቱ ምርመራዎች ካልተስማሙ ይደገማሉ እንጂ በአንዱ ብቻ አይወሰንም።

ሁለት አጫጭር ምርመራዎችም መሠራታቸውን ወረቀቱ ላይ ይፈልጉ። አንደኛው ቲምፓኖሜትሪ ነው፤ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ መኖር አለመኖሩን በደቂቃ ያሳያል። በእናንተ አካባቢ፣ በተለይ ደሴ ላይ፣ በክረምት ጉንፋን ያልያዘው ሕፃን ማግኘት ይከብዳል። ጉንፋን ትቶት የሚሄደው ፈሳሽ ብቻውን ከ20 እስከ 40 ዴሲቤል ሊጨምር ስለሚችል፣ በዕለቱ ፈሳሽ ከነበረ የተጻፈው ቁጥር ከእውነተኛው የከፋ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ጠፍጣፋ ከሆነ («ታይፕ ቢ» ተብሎ ይጻፋል) ፈሳሹ ታክሞ እንደገና ትለካለች። ሁለተኛው ኦኤኢ ነው፤ የውስጥ ጆሮ ሴሎች የሚመልሱትን ደካማ ድምፅ ይቀዳል። ኦኤኢው ኖሮ ኤቢአሩ ከጠፋ ችግሩ ድምፁ ወደ ነርቭ የሚሻገርበት ቦታ ላይ ነው፤ ኦዲተሪ ኒውሮፓቲ ይሉታል። እንዲህ ከሆነ የኤቢአሩ ቁጥር ምን ያህል እንደምትሰማ አይናገርም፣ ውሳኔውም ሌላ መንገድ ይሄዳል። ስትወለድ ደህና ነበረች ብለዋል፤ ቢሆንም በመጀመሪያው ሳምንት ሰውነቷ ቢጫ ሆኖ ወይም ማሞቂያ ክፍል ገብታ ከነበረ፣ ጄንታማይሲን በመርፌ ተሰጥቷት ከነበረ፣ ለሐኪሙ ሳይናገሩ እንዳይወጡ። የማጅራት ገትር ታማ ከነበረ ደግሞ ከላይ ያልኩት የ2 እና 3 ወር ሙከራ ይቀራል፤ ከማጅራት ገትር በኋላ ኮክሊያው (የውስጥ ጆሮው የመስሚያ ክፍል) በሳምንታትና በወራት ውስጥ ወደ አጥንትነት ሊለወጥ ስለሚችል የኢምፕላንቱ ገመድ የሚገባበት ቦታ ይዘጋል። የዚያ ልጅ ጉዳይ አስቸኳይ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ዕቃዎች። ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለው መሣሪያ ድምፅ አጉሊ ነው፤ ያጎላውን ድምፅ የሚቀበለው ያው የተጎዳው ጆሮ ነው። ኢምፕላንት የተጎዳውን ክፍል ያልፈዋል፤ ከውጭ ያለው ፕሮሰሰር ድምፁን ወደ ምልክት ለውጦ በማግኔት በተያያዘ ጥቅል ሽቦ በቆዳ በኩል ያስተላልፋል፣ ከቆዳው ሥር ያለው ክፍል ደግሞ በኮክሊያው ውስጥ በተዘረጋ ቀጭን ገመድ ላይ ባሉ ኤሌክትሮዶች ነርቩን በቀጥታ ያነቃዋል። የኤሌክትሮዶቹ ብዛት እንደ አምራቹ ይለያያል፤ የኮክሌር ኩባንያ 22፣ የአድቫንስድ ባዮኒክስ 16፣ የሜድኤል 12 ናቸው። ብዛቱ ብቻውን ውጤት አይወስንም፤ ሻጭ «የኛ 22 ነው» ብሎ ቢያሻሽጥዎት አይወናበዱ።

ልዩነቱ ግልጽ የሚሆነው በሒሳብ ነው። አንድ ሜትር ርቀት ላይ በተለመደ ድምፅ የሚያወራ ሰው በኦዲዮግራም (የመስማት መለኪያ ሰንጠረዥ) ላይ በአማካይ 50 ዴሲቤል ገደማ ይወድቃል። «ስ» እና «ፍ» ግን ከ20 እስከ 30 ገደማ ላይ ያሉ ደካማ ድምፆች ናቸው፤ «ሽ» እና «ች» ትንሽ ከፍ ይላሉ። ልጅዎ 500 ሄርዝ ላይ 75፣ 4000 ሄርዝ ላይ 100 ብትሆን እንበል (ቁጥሩ የምትሰማው ዝቅተኛው ድምፅ ነው፤ ሲያንስ ይሻላል)። ጠንካራ መሣሪያ የ75ቱን በቀላሉ ወደ 30 ያወርደዋል። የ100ውን ግን ቢታገል ወደ 50 ወይም 55 ነው የሚያመጣው፤ ከዚያ በላይ ልግፋ ካለ ወይ ያፏጫል ወይ ድምፁ ይበላሻል። ውጤቱ አናባቢውን ሰምቶ ተነባቢውን ማጣት ይሆናል። በእኛ ቋንቋ ይህ ከባድ ኪሳራ ነው፤ ማን ምን እንዳደረገ የምንለየው በቃሉ ጫፍ ባለች ቀጭን ድምፅ ነውና። «በላ»፣ «በላሽ»፣ «በላች» ለዚህች ልጅ ሦስቱም «በላ» ናቸው። «ነህ» እና «ነሽ» እንደዚያው ይደበላለቃሉ። በደንብ የተስተካከለ ኢምፕላንት ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ላይ ያስቀምጣታል፤ «ሽ»ን ታገኛታለች ማለት ነው።

ከዚህ ተነስተን መለኪያው ይህ ነው። መሣሪያው በትክክል ተስተካክሎ ጆሮዋ ላይ እያለ ስትለካ 2000 እና 4000 ሄርዝ ላይ 35 ወይም ከዚያ በታች ከደረሰች በመሣሪያው ትቀጥላለች፤ ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋትም። ከ50 በላይ ከቀረች ለንግግር መሣሪያው አልደረሰላትም። በመሃል ያለው ቦታ አከራካሪ ነው፤ እዚያ ላይ የሚዳኘው በወራቱ ውስጥ ያሳየችው ለውጥ ነው፦ ለስሟ መዞር፣ ድምፅ ማሰማት፣ «ባባ» «ማማ» ብላ መንተባተብ። ያለ መሣሪያ ያለውንም ቁጥር ለማነጻጸር፣ እንግሊዝ ውስጥ ከ2019 ጀምሮ የሚሠራበት መለኪያ በሁለቱም ጆሮ ከ500 እስከ 4000 ሄርዝ ካሉት ድምፆች ቢያንስ በሁለቱ 80 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ማጣት ነው፤ እዚያም ቢሆን መሣሪያ በቂ ጥቅም አለመስጠቱ መታየት አለበት።

ወደ ፉጨቱ እንምጣ፤ የእርስዎ ነገር የተያዘው እዚህ ላይ ነውና። ፉጨት የሚመጣው ከመሣሪያው የወጣው ድምፅ ከጆሮዋ ሾልኮ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ሲገባ ነው። ከየት እንደሚሾልክ ቤት ውስጥ ይለዩታል። መሣሪያውን ከነ ሻጋታው (ጆሮዋ ውስጥ የሚገባው ለስላሳ ክፍል) አውጡና ሳታጠፉት የሻጋታውን ቀዳዳ በጣት ጫፍ ድፈኑት። ፉጨቱ ከቆመ መሣሪያው ደህና ነው፤ ሻጋታው ጆሮዋን አልሞላም፣ ወይም ጆሮዋ ውስጥ ኩክ አለ። ካልቆመ ሻጋታውን ከነ ቱቦው ንቀሉና ቱቦው የሚሰካበትን የመንጠቆውን ጫፍ ድፈኑ፤ አሁን ከቆመ ቱቦው ተሰንጥቋል ወይም ደርቋል። ያኔም ካልቆመ ብልሽቱ ከመንጠቆው ወይም ከመሣሪያው ውስጥ ነውና ወደ ጠጋኝ ይሄዳል።

በእሷ ዕድሜ ከአስር ዘጠኙ ሻጋታው ነው ብል አላጋነንኩም። የሁለት ዓመት ልጅ ጆሮ ያድጋል፤ ከአምስት ወር በፊት የተሠራ ሻጋታ ዛሬ ላልቶባታል። በዚህ ዕድሜ በየ3 እና 4 ወሩ አዲስ መሥራት ያስፈልጋል፤ ቱቦውም በየ3 እስከ 6 ወሩ ይቀየራል። ለጠንካራ መሣሪያ ሻጋታው ከለስላሳ ሲሊኮን የተሠራና የጆሮውን ጎድጓዳ ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ይሁን። ልኩ ሲወሰድ አብረው ይቁሙ፦ መጀመሪያ ኩኩ ይጸዳል፣ ክር የታሰረባት ትንሽ ስፖንጅ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ከዚያ ሲሊኮኑ በሲሪንጅ ተሞልቶ እስኪጠነክር ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። የወጣው ልክ የጆሮ ቦይዋን ሁለተኛ መታጠፊያ አልፎ መታየት አለበት። አጭር ከሆነ እዚያው ያስደግሙት፤ በአጭር ልክ የተሠራ ሻጋታ ያፏጫል፣ እርስዎም በከንቱ ተመላልሰው ይቀራሉ። ሲሊኮኑ ከጠነከረ በኋላ ቅርጹን ስለሚይዝ ልኩን ጠንካራ ሣጥን ውስጥ አድርጎ መላክ ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ ሻጋታ ልጅቷን ይዞ መንገድ መውጣት ላያስፈልግ ይችላል።

ከፉጨቱ ከራሱ የበለጠ አደገኛ ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ መሣሪያ የሚያስተካክል ባለሙያ ወላጅ ስለ ፉጨት ሲያማርርበት ኮምፒውተሩ ላይ ቀጭኑን ድምፅ ይቀንሰዋል። ፉጨቱ ይጠፋል፣ ወላጅ ደስ ይለዋል፣ ልጅቷ ግን የምትፈልጋትን «ሽ» እና «ስ» ነው ያጣችው። ስለዚህ ቀጥታ ይጠይቁ፦ «ፉጨቱን ለማጥፋት ድምፁን ቀንሳችሁታል? በዲኤስኤል የልጆች ቀመር የሚፈለገውን መጠን አሁን ከሚሰጠው ጋር አድርጋችሁ አትሙልኝ።» ዲኤስኤል መሣሪያው ለልጅ ምን ያህል ድምፅ መስጠት እንዳለበት የሚያሰላ ቀመር ነው። የልጅ ጆሮ ቦይ ጠባብ ስለሆነ ያው መሣሪያ በልጅ ጆሮ ከአዋቂ ጆሮ የበለጠ ይጮኻል፤ ቀመሩ ይህንን ያስባል፣ ግምት ግን አያስብም። በዚያው ቀጠሮ የመሣሪያውን መዝገብም ያስከፍቱ። አብዛኞቹ የዛሬ መሣሪያዎች በቀን ስንት ሰዓት እንደበሩ ይመዘግባሉ። የእርስዎ ምናልባት 2 ወይም 3 ሰዓት ያሳያል፤ ግባችን 10 ነው፣ ማለትም ነቅታ የምትውልበት ጊዜ በሙሉ።

እንድታቆየው ምን ይደረግ? መጀመሪያ የምትነቅልበትን ምክንያት ይፈልጉ። ጆሮዋ ውስጥ፣ ሻጋታው የሚያርፍበት ላይ የቀላ ቦታ ካለ ሻጋታው እየቆረጣት ነው። ድንገተኛ ድምፅ ሲመጣ ዓይኗን ጨፍና የምትነቅል ከሆነ የመሣሪያው ከፍተኛ ድምፅ በዝቷል፤ ያስቀንሱት። ዝም ብላ እንደ አሻንጉሊት የምትነቅል ከሆነ ምንም አልሰጣትም ማለት ሊሆን ይችላል። ከልብሷ ጋር በክሊፕ የሚያያዝ ክር ያድርጉለት፤ በነቀለች ቁጥር ሳይቆጡ መልሶ ማድረግ ነው። አንቀልባ ላይ ስትሆን መሣሪያው የእናቷ ጀርባ ላይ ስለሚጫን ያፏጫል፤ ያ ብልሽት አይደለም፣ ጭንቅላቷን ወደ ሌላ ጎን ማዞር ይበቃል። ብርድ ለመከላከል የሚደረገው ወፍራም የሱፍ ኮፍያም እንዲሁ ያስፏጫል፤ በስስ ጥጥ ይቀይሩት። ሹሩባ ስትሠራ ፀጉሯን ቅቤ ከቀባችኋት መሣሪያው ቢያንስ ቅቤው እስኪጠጣ ይነሳ፤ የማይክሮፎኑ ቀዳዳዎች የመርፌ ጫፍ ያህል ናቸው፣ ቅቤ ከገባባቸው ድምፁ ታፍኖ ይቀራል፣ በጨርቅም አይለቅም። ጆሮዋ ውስጥ ደግሞ ጤና አዳምም ሆነ ዘይት እንዳይገባ።

ባትሪው ሰማያዊ ምልክት ያለው 675 ሳይሆን አይቀርም። ተለጣፊውን ከላጡ በኋላ ወዲያው አይክተቱት፤ ከ1 እስከ 5 ደቂቃ አየር ይሳብ፣ አለዚያ ቶሎ ያልቃል። ለጠንካራ መሣሪያ አንዱ ባትሪ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይሄዳል፤ ለሁለት ጆሮ በወር ከ3 እስከ 4 ይያዙ። ጅዳ ያለው ዘመድ ሊረዳ ከፈለገ ይህንን ይላክ፤ ማብቂያ ቀኑ የራቀ፣ በአንድ ጊዜ የዓመት ሳይሆን የስድስት ወር። የባትሪው በር የሚቆለፍ ይሁን፤ ልጅ የዋጠችው ባትሪ ሌላ ዓይነት ድንገተኛ ነው። ማታ መሣሪያውን በሩን ከፍተው፣ ባትሪውን አውጥተው፣ በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት (ሲሊካ ጄል) ጋር ያሳድሩት። ጉም ቀኑን ሙሉ በሚቆይበት ክረምት ቱቦው ውስጥ የውሃ ጠብታ ካዩ ድምፁ ለምን እንደሚቆራረጥ አወቁ ማለት ነው።

በየጠዋቱ ሁለት ደቂቃ የምትወስድ ፍተሻ ይልመዱ። ከጀርባዋ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ሆነው «አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ም፣ ሽ፣ ስ» ይበሉ፣ እያንዳንዷን በተለያየ ፋታ። በሰማች ቁጥር የሃይላንድ ክዳን ጣሳ ውስጥ እንድትጥል ያስተምሯት፤ ካልገባት መዞሯን ወይም መጫወት ማቆሟን ይዩ። «አ» እና «ኡ» ላይ ብቻ ምላሽ ሰጥታ «ሽ» እና «ስ» ላይ ዝም ካለች ከላይ ያልኩትን ሒሳብ በዓይንዎ እያዩት ነው። የየቀኑን ውጤት በደብተር ይመዝግቡት፤ ባለሙያው ከማንኛውም ትረካ ይልቅ ያችን ደብተር ይፈልጋታል።

ለምን ጎን ለጎን አልኩ? አእምሮ ድምፅን ለመማር የሚከፈትበት ጊዜ ውስን ነው። ኢምፕላንቱን እስከ 3 ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ያገኙ ልጆች የመስሚያ የአእምሮ ክፍላቸው ከሚሰሙ ልጆች ጋር የሚቀራረብ እድገት ያሳያል፤ ከ7 ዓመት በኋላ ሲሆን በተፈጥሮ መስማት ለተሳነው ልጅ በንግግር በኩል የሚገኘው ጥቅም በጣም ይቀንሳል። ልጅዎ 27 ወሯ ነው፤ 3 ዓመት ተኩል 42 ወር ነው፤ የቀረው 15 ወር ነው። በዚያ ውስጥ የሻጋታው ማስተካከያ፣ ምስሎቹ፣ ክትባቱ፣ ገንዘቡ፣ ቀዶ ሕክምናውና ከዚያ በኋላ መሣሪያው እስኪበራ ያለው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሁሉ መግባት አለበት። ሰፊ ይመስላል፤ ሁለት ጊዜ «ለሚቀጥለው ወር» ከተባለ አይደለም።

ለቅድመ ምርመራው ሪፈሩን ከጤና ጣቢያ ጀምረው በደሴ ሆስፒታል በኩል ያስጽፉ፤ የጤና መድን ካላችሁ ደረጃውን መዝለል ያስቸግራል። የሚፈለጉት ሁለት ምስሎች ናቸው። ሲቲው ተራ የጭንቅላት ሲቲ ሳይሆን የጆሮ አካባቢ አጥንትን በስስ ቁርጥ (ከ1 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ) የሚያሳይ ይሁን፤ የታዘዘው በትክክል ካልተጻፈ ተራው ይነሳና ድጋሚ ይከፍላሉ። ኤምአርአዩ የመስሚያው ነርቭ መኖሩን ያሳያል። ነርቩ ከሌለ ኢምፕላንት የሚያነቃው ነገር የለም፣ ጉዳዩ እዚያ ላይ ያበቃል። ለሁለቱም ምስል ሕፃኗ መተኛት ስላለባት በአንድ ቀን ቢነሱ ይሻላል። ፊልሙን ብቻ ይዘው አይውጡ፤ ሲዲውን ይቀበሉ፣ ለየትኛውም ቀዶ ሐኪም የሚላከው እሱ ነው።

የክትባት ካርዷን ይፈልጉ። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቷ የሳንባ ምች ክትባት (ፒሲቪ) ወስዳ ይሆናል። ኢምፕላንት ያላቸው ልጆች ለማጅራት ገትር ያላቸው ተጋላጭነት ከሌላው ከፍ ስለሚል፣ 2 ዓመት ስለሞላት ፒፒኤስቪ23 የሚባለው ተጨማሪ ያስፈልጋታል፤ ከፒሲቪው 8 ሳምንት ያህል ርቆ፣ ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድሞ። ይህ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ስላልሆነ አሁኑኑ ማፈላለግ ይጀምሩ።

ለእናትዎ ደግሞ ይህን ይንገሯቸው፦ አእምሮዋ አይነካም። ከጆሮዋ ጀርባ ቆዳው ተከፍቶ፣ ከጆሮ ኋላ ያለው አጥንት በመሰርሰሪያ ተቦርቡሮ፣ ኤሌክትሮዱ ወደ ኮክሊያው ይገባል፤ ከቆዳው ሥር የሚቀመጠው ክፍል የሳንቲም ያህል ስፋት አለው። ሙሉ ማደንዘዣ ነው፣ ለአንድ ጆሮ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይወስዳል፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም ሁለት ቀን ወደ ቤት ይገባሉ። የእሳቸው ስጋት ግን ከንቱ አይደለም፤ የቁስል መመርቀዝ፣ ለጊዜው የሚቆይ ማዞር፣ የመቅመስ ለውጥ፣ አልፎ አልፎም የፊት ነርቭ መጎዳት ይከሰታል፤ ከዓመታት በኋላ የውስጡ ክፍል ተበላሽቶ ድጋሚ ሊከፈት ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚያ ጆሮ የቀረው ተፈጥሯዊ መስማት ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ «አልተስማማትም፣ ወደ ድሮው መሣሪያ እንመለስ» ማለት በዚያ ጆሮ አይቻልም። ስለዚህ ነው ቀድሞ ሙከራው በትክክል መሠራት ያለበት። ገንዘቡ ለአንድ ጆሮ ብቻ ከደረሰ ሌላው ጆሮ ላይ መሣሪያው ይቀጥላል፤ ሁለቱ አብረው ይሠራሉ፣ የገዛችሁትም አይባክንም።

ቀዶ ሕክምናው ከሥራው ትንሹ ክፍል ነው። መሣሪያው ሲበራ ልጅቷ ቃል አትሰማም፤ ትደነግጣለች ወይም ታለቅሳለች፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮድ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ መጠን በየቀጠሮው ይስተካከላል። ማፒንግ ይባላል። በመጀመሪያው ዓመት ከ8 እስከ 10 ጊዜ ይደረጋል፣ ከዚያ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ 10 ቀጠሮ ማለት ደርሶ መልስ ከ7,000 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፣ መንገዱ ክፍት በሆነ ጊዜ። ቀዶ ሕክምናው ውጭ አገር ከሆነ «ማፒንጉን አገር ቤት ማን ይሠራልኛል? የዚህ ኩባንያ ሶፍትዌርና ማገናኛ ገመድ ያለው ማን ነው?» ብለው ስሙን በጽሑፍ ሳይቀበሉ ገንዘብ አይላኩ። በእኔ ግምት ማፒንግ የማይቻልበት ኢምፕላንት ከመሣሪያውም ያነሰ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ባይደረግ እመርጣለሁ።

የዋጋ ማቅረቢያ (ፕሮፎርማ) ሲያስወጡ በአንድ ድምር አይቀበሉ። የውስጡ ክፍል፣ ፕሮሰሰሩ፣ ቀዶ ሕክምናው፣ የመጀመሪያው ዓመት ማፒንግ፣ የንግግር ሥልጠናው እና መለዋወጫው ለየብቻ ይጻፉ። የዋስትና ጊዜውም ለውስጡና ለውጩ የተለያየ ነው፤ ሁለቱንም ያስጽፉ። የጥቅል ሽቦው ገመድ በልጅ እጅ ቶሎ ስለሚቆረጥ ሁለት ትርፍ ይኑር። መብራት ለቀናት የሚጠፋበትን ጊዜ አስበው ቻርጅ የሚደረገውንም በተራ ባትሪ የሚሠራውንም የባትሪ መያዣ ይጠይቁ። ያገለገለ ፕሮሰሰር «በርካሽ» ከመጣልዎት ይጠንቀቁ፦ ፕሮሰሰር የሚሠራው ከራሱ አምራችና ከራሱ ዘመን የውስጥ ክፍል ጋር ብቻ ነው፣ በሌላ ልጅ መጠን የተሞላ ፕሮሰሰር ደግሞ ማድረግ አይፈቀድም። ወደፊት ኤምአርአይ ሲታዘዝ ውስጥ ማግኔት እንዳለ መናገር ግዴታ ነው፤ የኢምፕላንት ካርዷን ከቦርሳ አይለዩ። ሸርተቴ የሚጫወቱበት የፕላስቲክ መንሸራተቻ ላይ ስትወጣ ፕሮሰሰሩን አውልቁላት፣ በሰበቃ የሚፈጠረው ስታቲክ ኤሌክትሪክ የተሞላውን መጠን ሊያጠፋው ይችላል።

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ዛሬ የሚጀመር ሌላ ነገር አለ፦ የምልክት ቋንቋ። «ምልክት ካስለመድናት አትናገርም» የሚለውን ብዙ ሰው ያምነዋል፣ ግን ልክ አይደለም። እስከዚያ ድረስ ያለ ቋንቋ መቀመጥ ነው የሚጎዳት። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል የግዕዙን ፊደላት በእጅ ቅርጽ፣ አናባቢዎቹን ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያል፤ ከፍ ስትል ንባብ ውስጥ ሲያስገቧት ይጠቅማታል። ለጊዜው «ወተት»፣ «ና ና»፣ «ጨርሰሻል?» የሚሉትን አስር ምልክቶች ቤተሰቡ በሙሉ ይጀምር።

አዲሱን ሻጋታ ካደረገች ከ8 ሳምንት በኋላ ከመሣሪያው ጋር ትለካ። ያኔ የሚያስፈልገኝ የ2000 እና የ4000 ሄርዝ ቁጥር፣ የቀን ሰዓቱ መዝገብና ያች ደብተር ናቸው። ሰዓቱ ከ8 በላይ ሆኖ ቁጥሩ ከ50 ካልወረደ፣ ስለ ሻጋታ ማውራታችንን አቁመን ስለ ሲዲው እናወራለን።